የብራና መጽሐፍ አካልና ጽሑፉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቆዳው፣ ስፌቱና ኅዳጉ (በገጹ ዳር የሚተወው ባዶ ቦታ) በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ምን እንደሚያደርጉት ለሚጠይቁ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ብራና ምንድን ነው? ውድ መሆኑስ ጽሑፉን ምን ያገባዋል?

ብራና ተወጥሮ የተፋቀ ቆዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የፍየል፣ አንዳንዴም የበግ ወይም የጥጃ። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በእንጨት ላይ ይወጠርና ሥጋውም ጠጉሩም ይፋቃል። ሲደርቅ በድንጋይ ይለሰልሳል። እንደ ጫማ ቆዳ አይለፋም። ለዚህም ነው ጠንከር ብሎ፣ ነጣ ብሎ የሚቀረው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አትሮንስ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ መጽሐፍ አለ እንበል። ገጹ ቁመቱ 45፣ ወርዱ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። ቅጠሎች፣ ማለትም ፊትና ጀርባቸው የሚጻፍባቸው ነጠላ ሉኮች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚቆረጡ አንዱ ጥንድ ሲዘረጋ 70 በ45 ይሆናል። ከአንድ የፍየል ቆዳ ይህ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ነው። 200 ቅጠል ያለው መጽሐፍ ታዲያ ወደ መቶ ፍየል ፈጀ ማለት ነው። መንጋ ነው! ምን ይጻፍ፣ ምን አጥሮ ይቅር የሚለው ውሳኔ የሚጀምረው ከበረት ነው።

ቀዳዳ ያለበት ብራናም አይጣልም። ቁም ጸሐፊው፣ መጽሐፉን በእጁ የሚጽፈው ባለሙያ፣ ቀዳዳውን ዘሎ መጻፉን ይቀጥላል። ጀማሪ አንባቢ ቃሉ መሐል ክፍተት ሲያይ ፊደል የጠፋ ይመስለዋል። የጠፋ ነገር የለም። ፍየሏ በሕይወት ሳለች እሾህ ወግቷት ይሆናል።

ጥራዝ ማለት መጽሐፍ ማለት አይደለም?

ዛሬ ሙሉውን ቅጽ ጥራዝ እንላለን። በብራና ሥራ ግን ጥራዝ የመጽሐፉ አንድ ክፍል ነው። አራት ወይም አምስት ጥንድ ብራና አንዱ በሌላው ውስጥ ይታጠፋል፤ ይህ 8 ወይም 10 ቅጠል ይሆናል። እንዲህ ያሉ ጥራዞች ተደርድረው በክር ወይም በጅማት ይሰፋሉ። ከፊትና ከኋላ የእንጨት ገበታ ይገባል። አቅም ያለው ሰው በላዩ ድጉስ (በጋለ ብረት የታተመ ጌጥ) ያለበት ቆዳ ያስለብሰዋል። ከዚያ ማኅደሩ፣ ማለትም የቆዳ ማስቀመጫው፣ ውስጥ ይገባል።

ገጾቹ ቁጥር የላቸውም። ብዙ ጊዜ ቁጥር የሚሰጠው ለጥራዙ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ ይጻፋል። አንባቢው ቦታውን የሚያገኘው በጽሑፉ ራሱ፣ በቀይ ቀለሙና በኅዳጉ ላይ በተሰፋች ባለ ቀለም ክር ነው። ክሯ ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። የትኛው ክፍል ደጋግሞ ይነበብ እንደነበር የምትናገረው እሷ ናት።

በነገራችን ላይ «ጥራዝ ነጠቅ» የሚለውን ስድብ አስቡት። አንዷን ጥራዝ መንጭቆ መጽሐፉን ሁሉ አወቅሁ የሚል ሰው! ራስም ጭራም የሌለው ስምንት ቅጠል ይዞ የሚከራከር። የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ስድቡ ይበልጥ ያስቀዋል።

የሐረር ቁርኣኖችስ እንደዚሁ ናቸው?

የሐረር የእጅ ጽሑፎች በአብዛኛው ወረቀት ናቸው። ወረቀቱም ብዙው በንግድ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ሽፋናቸው ደግሞ ምላስ አለው፤ ከኋላ ዞሮ የገጾቹን ጠርዝ ይሸፍናል። ቅደም ተከተል የሚጠበቅበትም ዘዴ ይለያል። በገጹ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ የቀጣዩ ገጽ የመጀመሪያ ቃል ይጻፋል። ሁለቱ ካልገጠሙ ቅጠል ጎድሏል ወይም ተዛውሯል ማለት ነው። የግእዙ ቁም ጸሐፊ በጥራዝ ቁጥር የሚያደርገውን ይህኛው በቃል ያደርገዋል።

ለምን አንዱ መጽሐፍ በሦስት ዓምድ፣ ሌላው በአንድ ዓምድ ይጻፋል?

አንዱ ምክንያት ስፋት ነው። ሰፊ ገጽ ላይ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ቢሄድ ዓይን ይጠፋበታል። ስለዚህ እንደ ኦሪትና ስንክሳር (የየዕለቱ ቅዱሳን ታሪክ) ያለው ትልቅ መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ ይኖረዋል። በጠባብ ዓምድ ደግሞ ቃል መሐሉ ተቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ድምፅ ስለሆነ ጸሐፊው የትም ቢቆርጥ አይጨነቅም። እኛ ዛሬ የምናደርጋትን ሰረዝም አያደርግም።

ዳዊት ግን ሌላ ነው። ዳዊት የሚጻፈው በአንድ ዓምድ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ስንኝ አንድ መስመር ይይዛል። ስንኙ ረዝሞ መስመሩን ካለፈ ትርፉ ፊደል አዲስ መስመር አይሰጠውም። ከላይ ወይም ከታች ባለው መስመር ጫፍ፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ እንደምንም ይሸጎጣል። ዳዊት ለመድገም የሚያዝ መጽሐፍ ነው። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ለዓይን መታየት አለበት። መዝሙራቱ፣ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ በዚህ መልክ ይሄዳሉ። ከዚያ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ሲመጡ ገጹ በድንገት ሁለት ዓምድ ይሆናል። ማንም ሳይነግርህ ከዳዊት ወጥተህ ወደ ማርያም ምስጋና እንደገባህ ታውቃለህ።

በየአሥሩ መዝሙር ደግሞ ሐረግ (የተጠላለፈ ጌጥ) የተሣለባቸው ወይም በቀይ ነጥብ የተሰመረባቸው ዳዊቶች አሉ። አሥሩ መዝሙር «አንድ ንጉሥ» ይባላል። 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ነው ማለት ነው። የሳምንቱ ድርሻም በዚሁ ይሰፈራል፤ ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት እያለ ይሄዳል። ዳዊት ደጋሚው «እስከ ንጉሡ ላድርስ» ሲል ገጹ ላይ ያየውን ምልክት ነው የሚቆጥረው።

ቀይ ቀለም ለጌጥ ነው?

ያምራል፤ ግን ሥራ አለው። አርእስት፣ የአንቀጽ መጀመሪያ፣ ቁጥር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋሉ። የገጽ ቁጥር በሌለበት መጽሐፍ ቀዩ ማውጫ ነው። ገጹን ከሩቅ ስታየው የት እንደሚጀመር፣ የት እንደሚቆም ይነግርሃል።

ችግሩ ቀዩ ብዙ ጊዜ በኋላ የሚገባ መሆኑ ነው። ጸሐፊው ጥቁሩን ይጽፍና ለቀዩ ቦታ ይተዋል። ሥራው ቢቋረጥ ቦታው ባዶ ይቀራል። ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጥ ሌላ ጸሐፊ የቅዱሱን ስም አያገኝም። ወይ ይገምታል፣ ወይ እሱም ባዶውን ይተወዋል።

በቃልና በቃል መካከል ያለው ሁለት ነጥብ ከየት መጣ?

በአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ቃላትን የሚለየው ቀጥ ያለች ጭረት ነበረች። በብራና ላይ ሁለት ነጥብ ቦታዋን ያዘ። ፊደሎቹ ጥቅጥቅ ብለው ስለሚደረደሩ ያለ ነጥቡ ማንበብ ፈተና ነው። ዛሬ ባዶ ቦታ ስለምናስገባ ሁለት ነጥብ እየጠፋች ነው። ከባድ ክፍፍል ሲሆን ደግሞ ቀይና ጥቁር ነጥቦች ተሰባስበው እንደ አበባ ይቀመጣሉ። ይህቺ ኮምፒውተር ላይ ብዙም አትታይም። ያሳዝናል።

ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት በአንድ ላይ የተጻፉበት ብራና አለ?

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት 81 ናቸው ይባላል፤ ሁሉንም የያዘ ብራና ግን እጅግ ብርቅ ነው። 81ዱን በአንድ ገበታ መካከል ለማስገባት ስንት መቶ ፍየል እንደሚፈጅ ከላይ ያለውን ሒሳብ ቀጥሉበት። ቢሠራስ ማን ይሸከመዋል? በተግባር ቅዱሳት መጻሕፍት የኖሩት ተከፋፍለው ነው። ከዘፍጥረት እስከ ሩት ያሉት ስምንቱ የኦሪት መጻሕፍት አንድ ላይ፣ አራቱ ወንጌላት አንድ ላይ፣ የጳውሎስ መልእክታት አንድ ላይ፣ ዳዊት ለብቻው። ሄኖክ አንዴ ከኢዮብ ጋር፣ አንዴ ከነቢያት ጋር ተጠርዞ ይገኛል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ «መጽሐፍ ቅዱስ» ስንል የምናስበው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ዕቃ ነው። «ይሄ ውስጥ አለ፣ ያ የለም» ብለን የምንከራከረው ሽፋኑን አይተን ነው። የብራና ዘመን አንባቢ እንዲህ ያለ ሽፋን አልነበረውም። የመጻሕፍቱ ቁጥር የሚገኘው እንደ ሲኖዶስና ፍትሐ ነገሥት ባሉ የሕግ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ነው። ዝርዝሮቹ 81 ቢሉም አቆጣጠራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ይህ ለዘመናት ብዙ ሰው ሳያስጨንቅ የኖረው አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ሁሉን በአንድ ላይ ጨብጦ የሚቆጥር ሰው ስላልነበረ ነው።

ስንክሳርም በመጠኑ የተነሳ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሌላው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን። ለዚህ ነው አንዳንድ አጥቢያ ግማሽ ዓመቱን ብቻ ይዞ የሚገኘው። አንዱ ቅጽ ሲቃጠል ወይም ሲሰረቅ የስድስት ወር ቅዱሳን አብረው ይሄዳሉ።

ከወንጌሉ ፊት በቅስት ውስጥ የተደረደሩት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ማመሳከሪያ ናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሳርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በትናንሽ ክፍል ከፍሎ ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ 10 ሠንጠረዥ ሠራ። አንዱ አራቱም የሚናገሩትን፣ ሌላው ሦስቱ የሚጋሩትን፣ የመጨረሻው አንዱ ብቻ የተናገረውን ያሳያል። በኅዳጉ ላይ ያለውን ቁጥር አይተህ ወደ ፊት ትገልጣለህ፤ ሠንጠረዡ ወደ ሌላው ወንጌል ይመራሃል። ይህ ተጠቅልሎ በሚያዝ መጽሐፍ የማይሞከር ነገር ነው። ጣትህን አንድ ቦታ ይዘህ ሌላ ቦታ መግለጥ አለብህ። የሚገለጥ መጽሐፍ ባይኖር ዘዴውም ባልተፈለሰፈ።

በዓድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ይህን በሥዕል አጅበው ይዘውታል። የብራናቸው የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ከዓለም ጥንታዊ የተሣሉ ወንጌላት መካከል ናቸው። በዓምዶቹ ላይ ወፎች አሉ፣ በመካከላቸው ቁጥር። በኋላ ዘመን ቁጥሮቹ ለአንባቢው እንግዳ ሲሆኑ ቅስቶቹ ግን ቀሩ። ጌጡ ከሥራው በላይ ዕድሜ አገኘ።

ድጓ፣ የዜማው መጽሐፍ፣ ለምን ፊደሉ እንደዚያ ረቀቀ?

ሁለት ነገር በአንድ ገጽ ስለተጫነበት ነው። ታችኛው ግጥሙ ነው። በላዩ፣ በመስመሮቹ መካከል፣ ምልክት አለ። ምልክቱ ለዜማው የሚሆን ነጥብ፣ ጭረትና ትናንሽ ፊደል ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት ይነገራል። ለምልክቱ ቦታ ሲለቀቅ ፊደሉ ማነስ ነበረበት። የዓመቱ ሁሉ ዜማ ደግሞ በአንድ መጽሐፍ መግባት አለበት።

ስለዚህ ያጥራል። ሃሌ ሉያ «ሃሌ» ብቻ ሆና ትቀራለች። የሚደጋገም ክፍል በመጀመሪያ ቃሉ ብቻ ይጠቀሳል። መሪጌታው የቀረውን በቃሉ ያውቀዋል ተብሎ ነው የተጻፈው። ከውጭ ሆኖ ድጓ የሚያነብ ሰው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ጎዶሎ ስለሆነ አይደለም። ግማሹ የተቀመጠው በሰው ደረት ውስጥ ነው።

የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ አየሁ። የተሰረቀ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ለምሳሌ ተአምረ ማርያምን ውሰዱ። እያንዳንዱ ተአምር ሲያልቅ «ጸሎታ ወበረከታ የሃሉ ምስለ…» ይልና መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ይገባል። አንድ ጊዜ አይደለም። በየተአምሩ ነው። ቁም ጸሐፊው ገዢ ሳያገኝ ጽፎት ከሆነ ቦታውን ክፍት ይተወዋል። መጽሐፉ ሲሸጥ፣ ሲወረስ ወይም ለደብር ሲሰጥ አዲሱ ባለቤት የድሮውን ስም በምላጭ ፍቆ የራሱን ያስገባል። ብራና ይህን ይፈቅዳል። ወረቀት ቢሆን ይቀደድ ነበር።

ስለዚህ ስሙ የጽሑፉ አካል ነው፤ ግን እንደ ክር የሚቀየር አካል። አዲሱ ስም ከድሮው ከረዘመ ፊደሎቹ ይጨናነቃሉ። ካጠረ ክፍተት ይቀራል። ፋቂው ሲቸኩል ደግሞ አንድ ሁለት ቦታ ይረሳል። ተመራማሪ የሚደሰተው ያኔ ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት በ38ኛው ተአምር መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል ማስፈራሪያም ይገኛል። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው ነገሩ። በጥቂት ገጽ ርቀት ላይ የተፋቀ ስም አለ። አስፋቂው ውግዘቱን አንብቦት ይሆን?

ወንጌል ውስጥ የመሬት ጉዳይ ምን ይሠራል?

በደህና ይቀመጣል። የጥንቱ ሰው መዝገብ ቤት አልነበረውም። ማንም የማይነካው፣ ማንም ሐሰት ሊጽፍበት አይደፍርም የሚባለው ዕቃ የደብሩ ወንጌል ነው። ጉልት (የመሬት ስጦታ) ሲሰጥ፣ ንዋየ ቅድሳት (የደብሩ መገልገያ ዕቃ) ሲቆጠር፣ ክርክር ሲፈረድ፣ ባዶ በቀሩት ቅጠሎችና በኅዳጎች ላይ ይጻፋል። በወንጌሎቹ መካከል ያለው ባዶ ገጽ፣ ማቴዎስ አልቆ ማርቆስ እስኪጀምር፣ ለዚህ ምቹ ነው። በኤርትራ ሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ ወርቅ ወንጌል ከዛጉዌ ዘመን፣ ከንጉሥ ላሊበላ ጊዜ ጀምሮ የተሰጡ የመሬት ስጦታዎችን ይዟል። 

የታሪክ ጸሐፊ ወንጌሉን የሚያገላብጠው ለባዶው ገጽ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ታዲያ ማስታወሻው ከወንጌሉ ጋር አንድ ጊዜ የተጻፈ አይደለም። ባዶ ቦታ ላይ የገባ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላም ሊገባ ይችላል። እጅ ጽሑፉን፣ ቀለሙንና ጥራዙን ሳያዩ «መጽሐፉ የዚያ ዘመን ነው፤ ስለዚህ ውሉም የዚያ ዘመን ነው» ማለት አደጋ አለው። አንዳንዱ ማስታወሻ ከድሮ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መሬቱን የፈለገ ሰው ዘግይቶ ያስገባው ነው።

ክታብ ለምን ረዥም ጥቅል ሆነ?

ክታብ ሊለበስ የተሠራ ጽሑፍ ነው። ጠባብ ብራናዎች በቁመታቸው ይሰፋሉ። በልማድ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ጽሑፉ የሚረዝመው እንግዲህ ታሪኩ ስለረዘመ አይደለም። ሰውዬው ረዥም ከሆነ ደብተራው አንድ ጸሎት ይጨምራል ወይም አንድ መልአክ ይሥላል። ስሙ እዚህም በየጸሎቱ ይገባል፤ ሲወረስም ይፋቃል።

ልፋፈ ጽድቅ ስሙን ራሱ ያገኘው ከቅርጹ ነው። ልፋፍ መጠቅለያ፣ መገነዣ ነው። ከሟች ጋር እንዲቀበር የታሰበ ጽሑፍ ነውና። በገበታ ተጠርዞ መጽሐፍ ሆኖም ይገኛል፤ ስሙ ግን ጥቅል መሆኑን አልረሳም። ከሁለቱ መካከል የቆመ ሌላ ቅርጽ ደግሞ አለ። ሰንሱል ይባላል። ረዥም ብራና እንደ አኮርዲዮን እየታጠፈ ይሄዳል። ለሥዕል ይመቻል፤ ዘርግቶ ማቆም ይቻላልና።

ጸሐፊው ሲሳሳት ምን ያደርጋል?

አንድ ፊደል ከሆነ ይፍቃል። የተዘለለ ቃል ከሆነ በመስመሩ ላይ በትንሹ ያስገባል። ረዥም ከሆነ በኅዳጉ ላይ ይጽፈውና «ተመለስ» የሚባለውን ምልክት በሁለቱም ቦታ ያደርጋል። አንባቢው ምልክቱን አይቶ ይሄዳል፣ ያነባል፣ ይመለሳል። ስሙ ትእዛዝ ነው፤ ጥሩ ስም ነው።

የሚከፋው ስህተት ዝላይ ነው። ሁለት መስመር በአንድ ቃል ሲያልቁ የጸሐፊው ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘላል። መሐል ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስንት ቃል እንደጠፋ በመቁጠር የተገለበጠው መጽሐፍ ዓምዱ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር መገመት ይቻላል። መጽሐፉ ራሱ ከጠፋ ቆይቶም ቢሆን።

ኅዳግ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ግን እርማት አይደለም። አንድ መምህር ለራሱ የጻፈው ማብራሪያ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ገልባጭ እርማት መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ማብራሪያው ጽሑፍ ሆኗል፤ ማንም አያውቀውም።

ስፌት ቢበጠስና ቅጠል ቢዛወርስ?

ጽሑፉ ይዛወራል። ክሩ ሲበጠስ ጥራዞች ይፈታሉ። የሚጠግነው ሰው ጠራዥ እንጂ ሊቅ ላይሆን ይችላል፤ በመሰለው ይሰፋዋል። የአባ ገሪማ ወንጌሎች እንኳ በዘመናት ጥገና ቅጠላቸው ተዘበራርቆ ነበር፤ በዚህ ክፍለ ዘመን እዚያው ገዳሙ ውስጥ ሲጠገኑ ነው እንደገና የተስተካከሉት። ያልተስተካከለው መጽሐፍ ከተገለበጠ ግን ስህተቱ ቋሚ ይሆናል። አዲሱ መጽሐፍ ስፌቱ ደህና፣ ቅደም ተከተሉ የተሳሳተ ሆኖ ይወጣል። ጥፋቱን የሚያሳይ ጠባሳ የለውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ምሳሌ መጽሐፈ ሄኖክ ውስጥ ነው። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በውስጡ የዓለምን ዘመን በአሥር ሱባዔ (ሳምንት) ከፍሎ የሚናገር ራእይ አለ። በተለመደው የምዕራፍ አከፋፈል ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ያለው ምዕራፍ 93 ላይ ነው። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ያለው ግን ምዕራፍ 91 ላይ፣ ማለትም ቀድሞ ይመጣል! አንባቢው መጨረሻውን አንብቦ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኘው የአረማይክ ቁራጭ ግን ከሰባተኛው ቀጥሎ ስምንተኛውን ያስከትላል። ከግእዙ ቅጂዎች በፊት በነበረ አንድ መጽሐፍ ቅጠል ተዛውሮ ይሆናል የሚሉ አሉ። አይ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ቅንብር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ቅጠሉ አደላለሁ። ቆዳና ክር ምን እንደሚያደርጉ አይቻለሁና።

ሲጎድልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮንና ባልደረቦቻቸው ሮም ውስጥ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም ጀመሩ። የነበራቸው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎዶሎ ነበር። የጎደለውን፣ አብዛኛውን ማለት ነው፣ ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። ይህንንም ለአንባቢው በግልጽ ነገሩት። ባይነግሩን ኖሮ ያ ግእዝ በጥንት ዘመን የተተረጎመ መስሎን እንቀር ነበር።

ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ካለ ዋናውን ማየት ምን ይጨምራል?

ለንባብ ፎቶው ይበቃል፤ እሰየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስደው ለንደን ከደረሱት ብራናዎች ብዙዎቹን ዛሬ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማንበብ ይቻላል። ግን ፎቶ የሚመርጠው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ወደ 9,000 የሚጠጉ የእጅ ጽሑፎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ያ ሥራ ባይኖር ዛሬ የማናገኛቸው ብዙ ናቸው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ቀዩ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ከላይ ስለ ቀይ ቀለም ያልኩትን ሁሉ እዚያ ላይ በግምት ታነበዋለህ።

ዋናውን ስታይ ደግሞ ጸሐፊው በወስፌ የወጋቸውን ቀዳዳዎች፣ ያለ ቀለም የሰመራቸውን መስመሮች ታያለህ። የቆዳው የጠጉር ገጽ ጠቆር ይላል፣ የሥጋው ገጽ ነጣ ይላል፤ ተቃራኒ ገጾች ካልተመሳሰሉ እዚያ ቅጠል ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ስክሪን ላይ ማየት ይከብዳል። ጥራዙን ለመቁጠር ስፌቱን መፈለግ አለብህ።

ቤታችን የቆየ ዳዊት አለ። ክሩ ተበጥሷል። ላስጠርዘው?

አትቸኩሉ። መጀመሪያ እንዳለ፣ ባለበት ቅደም ተከተል፣ ከገበታው እስከ ገበታው እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሡ። ባዶውንም ገጽ። የተዘበራረቀ ቢመስላችሁም በራሳችሁ አታስተካክሉ። ጠርዙን እኩል ለማድረግ የሚከረክም ሰው ጋር አትስጡት፤ የኅዳጉን ጽሑፍና የጥራዙን ቁጥር አብሮ ይቆርጠዋል። ኅዳግ ላይ የተሰፉትን ክሮች አትንቀሉ። ብራና በላስቲክ አይጠቀለልም፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም። ማኅደር ካለው ወደ ማኅደሩ ይመለስ።

ቅጠል ነጥሎ መሸጥማ አይታሰብም። ሥዕል ያለባት አንዲት ቅጠል ብቻዋን ተቆርጣ በፍሬም ስትሰቀል አይቻለሁ። ጀርባዋ ላይ ያለው ጽሑፍ መሐሉ ላይ ይቆማል፤ ጥንዷ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ከአገር ማስወጣቱም በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። መጠገን ካለበት የብራና ጥገና የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። እስኪገኝ ድረስ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሎ ደረቅና ጨለም ያለ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃዋል።